ሰፊ ቢሮ የዕድገት ማስረጃ አይደለም

በአዲስ አበባ የንግድ ዓለም ማንም ቆም ብሎ የማይመረምረው እምነት ሥር ሰዷል፤ ያደገ ድርጅት ቢሮ ይቀይራል፣ ቢሮ ያልቀየረም አላደገም ይባላል። አምስት ስድስት ሠራተኛ ይዞ ሃያ ሁለት ወይም ሜክሲኮ አካባቢ በጠባብ ክፍል ሲሠራ የቆየ የሂሳብ አገልግሎት፣ የሕትመትና የማስታወቂያ ድርጅት፣ የሶፍትዌር ሥራ ወይም የጉዞ ወኪል፣ ሁለት ዓመት ደህና ትርፍ ባየ ማግስት ቦሌ ላይ አዲስ ከተሠራ ሕንፃ ሰፊ ወለል ማፈላለግ ይጀምራል። ከዚያ ሪባን ይቆረጣል፣ አበባ ይጎርፋል፣ ወዳጅ ዘመድ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ደስታው ግን ለምኑ ነው? ድርጅቱ በዚያን ቀን አዲስ ደንበኛ አላገኘም፤ አዲስ አገልግሎት አልጀመረም፤ ዕዳውን ከፍሎ አልጨረሰም። ያደረገው ነገር ቢኖር በየወሩ ከኪሱ የሚወጣውን ገንዘብ ማብዛት ነው። ወጪ ስለጨመረ ብቻ የሚመሰገን ሌላ የንግድ ውሳኔ ማን ያውቃል? የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፦ ለአብዛኛው አነስተኛ ድርጅት ወደ ሰፊ አዲስ ቢሮ መዛወር ዕድገቱን የሚበላ ውሳኔ ነው፤ ሸክሙን የሚችለውም ሥራው ራሱ በር ገፍቶ ያስወጣው ድርጅት ብቻ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ተራ አይደለምና በቅጡ መሰማት አለበት። መጀመሪያ የሚነሳው የአመኔታ ነገር ነው፤ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ገጽታን ነው፣ ትልቅ ደንበኛ፣ ባንክና የውጭ አጋር በጠባብና በተጨናነቀ ክፍል የሚሠራን ድርጅት ትልቅ ሥራ አያምኑበትም ይላሉ። ሁለተኛው የሥራ ቅልጥፍና ነው፤ ተፋፍጎ የተቀመጠ ሠራተኛ ሐሳቡን መሰብሰብ አይችልም፣ ስልክ ከስልክ ይደበላለቃል፣ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥበት ይጠፋል። ሦስተኛው ዝግጁነት ነው፤ ዕድገት ሳይታሰብ ይመጣል፣ ቦታው ተዘጋጅቶ ካልጠበቀው ዕድሉ ወደ ሌላ ይሄዳል። አራተኛው የኪራይ ዋጋ ነው፤ ኪራይ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ ስለማይታይ ዛሬ ያልያዘ ነገ በእጥፍ ይይዛል። አምስተኛው የሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ጥሩ ቢሮ ይፈልጋል። እነዚህ አምስቱ ተደምረው ሲቀርቡ አሳማኝ ይመስላሉ፤ ብዙ ድርጅት ውሉን የሚፈርመውም በእነሱ ተማምኖ ነው። አንድ በአንድ ሲፈተሹ ግን ከአምስቱ የትኛውም የተሰጠውን ክብደት መሸከም አይችልም።

ከአመኔታ እንጀምር። ትልቅ ሥራ የሚሰጥ ተቋም ከማን ጋር እንደሚዋዋል የሚወስነው እንግዳ መቀበያውን አይቶ ነው? የመንግሥት ጨረታ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ስለማስረከብ የሚገልጽ ማስረጃ። ለቢሮ ስፋት ነጥብ የሚሰጥ የጨረታ ሰነድ የተለመደ አይደለም። ባንክም ብድር ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚያየው መያዣ ነው፤ ቤት፣ ሕንፃ፣ ተሽከርካሪ። የተከራዩት ወለል የአከራዩ ንብረት ነውና ለመያዣነት አይቀርብም። ባንኩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመረምረው የገንዘብ ፍሰትን ነው፤ ሰፊው ቢሮ ደግሞ የሚያጎድለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ባንክ እንዲያምነው ብሎ ትልቅ ቢሮ የያዘ ድርጅት ባንኩ የሚለካበትን ሚዛን በገዛ እጁ ያዛባል። የግል ደንበኛስ? የግል ደንበኛ የሂሳብ መዝገቡ በጊዜው እንዲዘጋለት፣ የሕትመት ሥራው በቀጠሮው እንዲደርስለት፣ ፕሮግራሙ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል። እነዚህን ያገኘ ደንበኛ ሶስተኛ ፎቅ በእግሩ ይወጣል፤ እነዚህን ያጣ ደንበኛ በአሳንሰር ወርዶ አይመለስም።

ሕጉም ቢሆን የንግድን ዋጋ ከግድግዳ ጋር አላሰረውም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ አንድ የንግድ መደብር በዋናነት የሚቋቋመው በመልካም ዝና ነው ይል ነበር፤ የመልካም ዝና ዋጋም ነጋዴው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ባለው ወይም ሊኖረው በሚችለው ግንኙነት ይለካ ነበር። መርካቶም ይህን በራሱ መንገድ ያውቃል። አንድ ሱቅ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ «የቁልፍ» ተብሎ ከኪራዩ ውጭ የሚከፈለው ገንዘብ ለቦታው ስፋት የተተመነ አይደለም፤ ጠባብ የሆነችው ሱቅ ከሰፊው መጋዘን በላይ የምታወጣበት ምክንያት ደንበኛ እግሩ የለመደው ወደዚያች በመሆኑ ነው። ታዲያ መርካቶ ውስጥ ገንዘብ የሚከፈልበትን ይህን ሀብት፣ ደንበኛው የለመደውን ቦታ፣ ድርጅቱ በራሱ ፈቃድ ጥሎ ሲወጣ ዕድገት የሚባለው በየትኛው ስሌት ነው? ለመዛወር የሚያስገድድ ብርቱ ምክንያት ከሌለ፣ ይህ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብትን መጣል ነው።

ምናልባት የዚህ ሁሉ ምኞት ምንጭ ከላይ ወደ ታች የሚታየው ምሳሌ ይሆናል። ባለፉት ዓመታት የአገራችን ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በዋና መሥሪያ ቤት ግንባታ ተፎካክረዋል፤ በ2014 ዓ.ም የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ትልልቆቹ ትልቅነታቸውን በሕንፃ ሲገልጹ ያየ ትንሽ ድርጅት ያንኑ በአቅሙ ሊደግም ቢሞክር አያስገርምም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። ባንክ ሕንፃ ሲሠራ ንብረት ያፈራል፤ የማይጠቀምበትን ወለል ያከራያል፣ ዋጋው ከፍ ሲል ሀብቱ ከፍ ይላል። ተከራይ ግን ሰፊ ወለል ሲይዝ የሚያፈራው ወጪ ነው፤ የቦታው ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠቀመው አከራዩ፣ የሚጎዳው እሱ ነው። አንዱ በሚበለጽግበት ነገር ሌላው ይደኸያል። «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ ካልዋለ ለምን ሊውል ነው?

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ክርክሩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ለምሳሌ ያህል በወር 600,000 ብር የሚያስገባ ድርጅት እንውሰድ። ከገቢው ግማሹ፣ ማለትም 300,000 ብር፣ ለሥራው በቀጥታ ይወጣል እንበል፤ ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ለንዑስ ተቋራጭ። ደመወዝ 180,000፣ ኪራይ 40,000፣ ሌላ ቋሚ ወጪ 20,000 ብር ቢሆን ድርጅቱ 60,000 ብር ይተርፈዋል። ገቢው በአንድ አምስተኛ ወርዶ 480,000 ብር ቢደርስ እንኳ አይከስርም፤ ልክ በልክ ይሆናል። አሁን ይኸው ድርጅት ኪራዩ 110,000 ብር ወደሆነ ሰፊ ቢሮ ተዛወረ፤ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የመብራትና የጄኔሬተር ድርሻ ተጨምሮ ሌላው ቋሚ ወጪው 40,000 ብር ደረሰ። ሥራው ሳይቀንስ፣ ደንበኛው ሳይጎድል፣ በመጀመሪያው ወር 30,000 ብር ከስሯል። ወደ ቀድሞው 60,000 ብር ትርፍ ለመመለስ ብቻ ገቢው በ180,000 ብር፣ ማለትም በ30 በመቶ ማደግ አለበት፤ ያውም አንድም ሠራተኛ ሳይጨመር።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ገና ነው። ድርጅቱ ተሳክቶለት ገቢውን በ30 በመቶ አሳደገ እንበል፤ የቢሮ ማስፋት ደጋፊዎች «ይኸው አላልንም?» የሚሉበት ሁኔታ ነው። ትርፉ 60,000 ብር ነው፣ እንደ ድሮው። ግን ስንት በመቶ የገቢ መቀነስ ይችላል? 20 በመቶ የነበረው አሁን 15 በመቶ አካባቢ ሆኗል። ማለትም ሲሦ ያህል ተጨማሪ ሥራ ሠርቶ፣ ያንኑ ትርፍ አግኝቶ፣ በፊት ከነበረበት ይልቅ ለውድቀት ቀርቧል። ይህ ሒሳብ ቁጥሩ ቢቀያየርም ጠባዩ አይለወጥም፤ ቋሚ ወጪ በጨመረ ቁጥር ድርጅቱ ክፉ ወርን የሚችልበት ትከሻ ይሳሳል። አነስተኛ ድርጅት ደግሞ ከትልቁ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ክፉ ወርን ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ መቻሉ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ዕቃ ግዢ ይቀንሳል፣ የትርፍ ሰዓት ይቆማል፣ የባለቤቱ ድርሻ ይዘገያል። ኪራይ ግን አይቀዘቅዝም። ደንበኛ ክፍያ አዘገየብኝ ተብሎ አከራይ አይለመንም።

ይህ የአዲስ አበባ ችግር ብቻ አይደለም። ዊወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሕንፃዎችን ለረጅም ዓመታት እየተከራየ ለአጭር ጊዜ መልሶ ያከራይ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የ47 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ተሰጥቶት ነበር፤ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ግን ከአበዳሪዎቹ የሚከላከልለትን የኪሳራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት አስገባ። ከውድቀቱ ዋና ምክንያቶች አንዱ ግልጽ ነው፤ የሚከፍለው ኪራይ ለዓመታት የታሰረ፣ የሚያገኘው ገቢ ግን በየወሩ ሊቋረጥ የሚችል ነበር። ቢሊዮኖች የፈሰሱበት ድርጅት ያልተቋቋመውን ይህን አለመጣጣም ስምንት ሠራተኛ ያለው ድርጅት በምን ኃይሉ ይቋቋመዋል?

ወርሃዊውን ትተን መግቢያ ላይ የሚጠየቀውን ገንዘብ እንይ። በከተማችን አከራይ የብዙ ወር ኪራይ በቅድሚያ መጠየቁ የተለመደ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ 660,000 ብር ነው፤ ይህ ድርጅቱ በድሮው ቢሮ በ11 ወር የሚያተርፈው ገንዘብ ነው። የደላላው ኮሚሽን ይጨመርበታል። አዲስ ሕንፃ ብዙ ጊዜ የሚከራየው ባዶውን ስለሆነ ፓርቲሽኑ፣ ጂብሰሙ፣ የመብራትና የኔትወርክ ገመዱ፣ ወንበርና ጠረጴዛው ሁሉ የተከራዩ ዕዳ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባ የማጠናቀቂያ ዕቃና የቢሮ መሣሪያ ዋጋ ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። አከራዩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ በኪራዩ ላይ 15 በመቶ ይታከላል፤ ተከራዩ ተመዝጋቢ ካልሆነ ያንን ታክስ የሚያቀናንስበት መንገድ የለውም። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከሥራ ማስኬጃው ነው። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጂብሰም ደግሞ ተነቅሎ አይሸጥም፤ ውሉ ሲያልቅ ለሕንፃው ባለቤት ይቀራል። ድርጅቱ ያዋለው ገንዘብ ወደ ሥራው ቢገባ ኖሮ ማሽን፣ ሥልጠና ወይም የስድስት ወር መጠባበቂያ ይሆን ነበር።

«ኪራይ ነገ ይጨምራል፣ ዛሬ መያዝ ይሻላል» የሚለው ክርክር በዋጋ ንረት ውስጥ ለሚኖር ነጋዴ ልብ ይነካል። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ያየ ሰው ስለ ነገ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ሆኖም ክርክሩ የሚሠራው የዛሬው ዋጋ ለዓመታት ጸንቶ የሚቆይ ከሆነ ብቻ ነው። ዓመት ሞልቶ እንደገና የሚታደስ ውል የያዘ ተከራይ ምን አጥብቆ ያዘ? አንዳንዶች በ2016 ዓ.ም የወጣውን የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ያነሳሉ፤ አዋጁ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪም ገደብ እንዲኖረው ማድረጉ እውነት ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው፤ ለንግድና ለቢሮ ኪራይ ያ ጥላ አልተዘረጋም። ስለዚህ ሰፊ ቢሮ የያዘ ድርጅት ከኪራይ ጭማሪ አላመለጠም፤ ጭማሪው የሚያርፍበትን መጠን አሳደገ እንጂ። በ40,000 ብር ላይ የሚመጣ የ25 በመቶ ጭማሪ 10,000 ብር ነው፤ በ110,000 ብር ላይ ሲመጣ ግን 27,500 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ ለጂብሰምና ለፓርቲሽን ያፈሰሰውን እያሰበ ለመውጣት ስለሚሳሳ በድርድሩ ጊዜ ከአከራዩ ፊት እጁ የታሰረ ነው። ኪራይን የፈራ ሰው ለኪራይ ጭማሪ የሚጋለጥበትን ስፋት መቀነስ እንጂ ማብዛት መፍትሔው አይደለም።

ለዕድገት ቦታ ማዘጋጀት የሚለው ደግሞ ሰብአዊ ጠባይን ይረሳል። ባዶ ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ለስምንት ሰው የሚበቃ ሥራ ያለው ድርጅት ለሃያ ሰው የሚሆን ወለል ሲይዝ ባዶው ቦታ ዓይን ስለሚወጋ ሰው ይቀጠርበታል፤ የተቀጠረውም ሥራ ስለሚያስፈልገው ቀድሞ በአንድ ቃል ያልቅ የነበረው ጉዳይ ደብዳቤና ስብሰባ ይሆናል። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ መሥሪያ ቤቶች በጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ውስጥ ፍጹም የተሟላ ሕንፃ የሚይዙት ተቋማት ሊወድቁ የተቃረቡት ናቸው ብሏል፤ ሥራ የበዛበት ሰው ስለ ሕንፃ ለማሰብ ጊዜ የለውም ነው ነገሩ። አጻጻፉ ለዛ ያለው ቢሆንም ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። የመንግሥታት ማኅበር በጄኔቫ ያሠራው ታላቅ ሕንፃ ግንባታው የተጀመረው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው፤ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወደዚያ የተዛወረው በ1936 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያ ዓመት ማኅበሩ አባል አገሩን ኢትዮጵያን ከፋሺስት ወረራ ሳይታደግ ቀርቶ በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ያነሳበት ዓመት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላም ማኅበሩ ፈረሰ። ያፈረሰው ሕንፃው ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ግርማ ያለው ሕንፃ ዋናውን ሥራ ያልሠራን ተቋም ለአንድ ቀን እንኳ አላዳነውም፤ ለአገርም ለድርጅትም ትምህርቱ አንድ ነው።

የሥራ ቅልጥፍናው ጉዳይ ከሌሎቹ ይልቅ እውነት አለው። በቂ አየር፣ ብርሃን፣ ንጹሕ መጸዳጃና ጸጥታ የሌለበት ቦታ ሰውን ያዝላል፤ ይህን ማሟላት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ጨዋ የሥራ ቦታንና ሰፊ የሥራ ቦታን አንድ አድርጎ ማየት ላይ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቶማስ አለን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚመካከሩበት መጠን በመካከላቸው ያለው ርቀት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት እንደሚወርድ፣ 50 ሜትር ያህል ሲደርስም ከቁጥር የማይገባ እንደሚሆን አሳይቷል። ትንሽ ቡድን በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳይጠራራ የሚተራረምበት፣ አንዱ ስልክ ላይ የሚለውን ሌላው ሰምቶ የሚያቃናበት ሁኔታ በገንዘብ የማይገዛ ብልጫ ነው። «ግድግዳ የሌለው ሰፊ አዳራሽስ?» የሚል ቢኖር መልሱ በ2018 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ተመራማሪዎች ኤታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን ተሰጥቷል፤ ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎችን ሠራተኞች በመሣሪያ ሲከታተሉ የፊት ለፊት ንግግር ጨምሮ አላገኙትም፤ 70 በመቶ ያህል ቀንሶ ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት ተክቶት ነው ያገኙት። ቢሮው ከጠበበ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ምን እንዳጠበበው ነው። የዓመታት ፋይል፣ የተበላሸ ኮምፒውተርና ያልተሸጠ ዕቃ የተቆለለበትን ክፍል «ጠቦናል» ብሎ ለቆ መውጣት ለመጋዘን የሚከፈለውን ዋጋ በቦሌ የቢሮ ተመን መክፈል ነው። ለዕቃው ርካሽ መጋዘን ዳር ላይ ይገኝለታል።

ጥሩ ባለሙያ ጥሩ ቢሮ ይፈልጋል የሚለውም በሠራተኛው ስም የሚነገር እንጂ ሠራተኛው የሚናገረው አይደለም። የቤት ኪራይና የአስቤዛ ዋጋ ያስጨነቀው ወጣት የሂሳብ ባለሙያ ሥራ የሚለቅበትን ምክንያት ቢጠየቅ ደመወዝን፣ የትራንስፖርት ጭንቀትንና የአለቃን ጠባይ ያነሳል። በምሳሌያችን ለአዲሱ ቢሮ በየወሩ የተጨመረው 90,000 ብር ለስምንት ሠራተኞች ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ከ11,000 ብር በላይ ይደርስ ነበር። ከዚህ ጭማሪና ከሰፊ ሪሴፕሽን የትኛው ሰውን ያቆየዋል? በዚያ ላይ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በአንድ ታክሲ ይመጣ የነበረ ሠራተኛ ቦሌ ሲሆን ሁለትና ሦስት ታክሲ ሊይዝ ነው፤ ቢሮው ለእሱ የሰፋው የጠዋት እንቅልፉንና የማታ ጊዜውን ቆርጦ ነው።

ተቆጥሮ የማያውቀው የመዛወር ዋጋም አለ። ወረዳና ክፍለ ከተማ ሲቀየር የንግድ ፈቃዱ አድራሻ መታረም አለበት፤ የግብር ፋይሉ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም በተመዘገበበት አድራሻ እንዲሠራ ስለሚጠበቅ ያለ ግብር ሰብሳቢው ዕውቅና አይነሳም። የስልክና የኢንተርኔት መስመር፣ ማኅተምና ደረሰኝ ሁሉ የራሳቸው ወረፋ አላቸው። በከተማችን ሰው ቦታን የሚያውቀው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን «ከእንትን ጀርባ፣ ከእንትን ፊት ለፊት» እያለ ስለሆነ ለዓመታት አፍ ለአፍ የተሰራጨው አድራሻ በአንድ ቀን ይሰረዛል። በእነዚህ ሳምንታት የሚባክነው የማን ጊዜ ነው? ድርጅቱን የሚያንቀሳቅሰው የባለቤቱ ጊዜ ነው፤ ደንበኛ ማፈላለጊያው፣ ጥራት መቆጣጠሪያው ጊዜ።

በመጨረሻ የሚቀረው ተቃውሞ «እንግዲያው ሰው ባለበት ይቅር? ይህ ፍርሃት አይደለም?» የሚለው ነው። አይደለም። በመንገድና በኮሪደር ልማት ምክንያት ቦታው የፈረሰበት ነጋዴ ምርጫ የለውም፤ ይህ ክርክርም እሱን አይመለከትም፣ እንዲያውም ቀለል ብሎ የተቀመጠ ድርጅት እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ፈጥኖ እንደሚነሳ ያስታውሳል። በምርጫው ለሚዛወር ግን መመዘኛው ጥብቅ መሆን አለበት። ቦታ በማጣት ብቻ የተመለሰ ሥራ አለ ወይ፣ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ወራት በተከታታይ? ያለፉት ሁለት ዓመታት እጅግ የከፋው ወር ገቢ አዲሱን ኪራይ ከደመወዝ በኋላ ይሸፍናል ወይ? ቅድመ ክፍያውና እድሳቱ ከተከፈለ በኋላ በባንክ የስድስት ወር ቋሚ ወጪ ይቀራል ወይ? አከራዩ የጭማሪ ገደብ ያለበት የብዙ ዓመት ውል ይፈርማል ወይ? ለአራቱም «አዎ» ያለ ድርጅት ይዛወር፤ እንኳን ደስ ያለው። በአንዱ እንኳ የተጠራጠረ ግን ዕቃውን ያጽዳ፣ የሥራ ፈረቃውን ያስተካክል፣ ለስብሰባ አዳራሽ ሲያስፈልገው በሰዓት ይከራይ፣ ጎረቤት ያለች አንዲት ክፍል ስትለቀቅ ይጨምር። ድፍረት ማለት የሰው ዓይን ሲጎመጅ ራስን መግዛት መቻል ነው፤ ውል ላይ መፈረምማ ማንም ይፈርማል።

ስለዚህ የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት ሆይ፣ የሚለካህ ወለልህ ስንት ካሬ መሆኑ አይደለም። ደንበኛህ ተመልሶ መምጣቱ፣ ሠራተኛህ ደመወዙን በቀኑ መውሰዱ፣ ክፉ ወር ሲመጣ በርህ ሳይዘጋ ማለፉ ነው መለኪያህ። እነዚህን ሦስቱን ይዘህ በጠባብ ክፍል ብትሠራ ያደግህ ነህ፤ እነዚህን አጥተህ በሰፊ ፎቅ ብትቀመጥ ለአከራይህ የምትሠራ ተቀጣሪ ነህ። ቢሮህን ሥራህ ያስፋው፤ ሥራህን ቢሮህ ያሰፋዋል ብለህ አትጠብቅ። ይህንን እስክታረጋግጥ ድረስ ያንን ውል አትፈርም።